የፍራሽ ሚዛን

አባቴ ሠርቶ የጨረሰውን ፍራሽ እኔ ሳልንከባለልበት ለባለቤቱ አስረክቦ አያውቅም ነበር። ይህ የቤታችን ሕግ ነው። ማን እንደ ደነገገው አላውቅም፤ እርሱም በልጅነቱ በአባቱ ፍራሾች ላይ እየተንከባለለ ማደጉን ብቻ ሰምቻለሁ። የአዋቂ ገላ ከባድ ነው፤ ጉብታውን ይደፈጥጠዋል እንጂ አያውቀውም ይል ነበር። የሕፃን ጎን ግን የጥፍር ያህል የተቋጠረች ጥጥ እንኳ ትቆረቁረዋለች። ስለዚህ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ፣ እኔ እግሬን ታጥቤ ከራስጌ እስከ ግርጌ እንከባለላለሁ።

«እህሳ፣ ሚዛኔ?» ይላል አባቴ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ።

«እዚህ ጋ አለች።»

ደንበኛው ይስቃል፤ አባቴ አይስቅም። ስፌቱን ተርትሮ ክንዱን እስከ ክርኑ ይሰድና ጉብታዋን ይዟት ይወጣል። ከዚያ መዳፌ ላይ ያኖራትና «እንካ፤ የያዝሃት አንተ ነህ» ይለኛል። እነዚያን ጉብታዎች በአንድ የወተት ጣሳ ውስጥ አጠራቅማቸው ነበር። ሌላው ልጅ ብይ ሲያጠራቅም እኔ የአባቴን ስሕተቶች አጠራቅም ነበር፤ እርሱም በዚህ ይኮራብኝ ነበር።

የሚሠራው በመኖሪያ ቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል። ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠለው የጥጥ መንደፊያ ደጋን ጅማቱ ሲመታ ድም ድም ይላል፤ ጥጡም ከመሬት እየተነሣ በመስኮቱ በሚገባው ጨረር ውስጥ ይንሳፈፋል። አባቴ ጠዋት ጎልማሳ ሆኖ ይገባል፤ ቀትር ላይ ቅንድቡም ሽፋሽፍቱም ነጥቶ ሽማግሌ ይሆናል፤ ማታ ሲታጠብ እንደገና ጎልማሳ ሆኖ ይወጣል። ከምሳ በኋላ አዲስ በተነደፈው ክምር ላይ ያስተኛኛል፤ በደጋኑ ድምፅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ግን ተኝቼ አላውቅም።

ሕመሙ የጀመረኝ በአንድ የዝናብ ወራት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነሣብኝ አመሻሽ ላይ ማድ ቤት ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ ነበር። መጀመሪያ ደረቴ አፏጨ። እናቴ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አስጠግታ፣ «ይሄ ልጅ ድመት ውጧል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቆይቶ ግን አየሩ በመርፌ ቀዳዳ የሚገባልኝ ያህል ጠበበ፤ እናቴም መሳቋን ተወች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበር። ሰውነቱ እንደ ክር የቀጠነ፣ ምላሱ እንደ መቀስ የተሳለ ሰው ነው። ሳሌን ሰምቶ ከሱቁ ደፍ ላይ ለአባቴ ጮኸበት።

«አንተ ጥጥ ነዳፊ! ልጅህን ወደ ሐኪም ውሰደው እንጂ፤ ደጋንህ ነው ብዬ ዝም ብል ደረቱ ኖሯል የሚጮኸው!»

ወደ ሐኪም ሄድን። አባቴ ለዚያ ቀን ገላውን እስኪቀላ ታጥቦ፣ የደስታ ቀን ኮቱን ለብሶ ነበር። ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ናት። ክንዴ ላይ በተርታ ጠብታዎች አኖረችና በእያንዳንዱ ጠብታ መካከል ቆዳዬን በጫረች ቁጥር «ጎበዝ» አለችኝ። ጥቂት ቆይተን ስናየው ሁሉም ጠብታ እንዳለ ነው፤ አንዱ ግን ምስር አክሎ አብጧል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። ያንን አስተያየት አውቀው ነበር። ስፌት ከመተርተሩ በፊት ጉብታ የሚመለከትበት አስተያየት ነው። ይህችን ጉብታ ግን ክንዱን ሰድዶ የሚያወጣት አልነበረችም።

«ይህ የአቧራ ተባይ ነው» አለች ሐኪሟ። «ዓይን አያየውም። በፍራሽ፣ በትራስ፣ በጥጥ ውስጥ ይኖራል፤ ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቅርፊት ይበላል። ልጁን የሚያሳምመው የእርሱ ኩስ ነው።» ቀጥላ፣ ለወግ ያህል፣ «ለመሆኑ እርስዎ ምን ይሠራሉ?» አለችው።

አባቴ ኮቱን አስተካከለ። መልሱ ግን ከጆሮው ጀርባ ነበር፤ ያ ሁሉ ውኃ ያላስለቀቀው አንድ የጥጥ ብጥስጣሽ። ሐኪሟ አየችው። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና «ገባኝ» አለች። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት በዝግታ ነው፤ እኔ የሰማሁት «ወይ ሥራው ወይ ልጁ» የሚለውን ብቻ ነበር። በልጅነት አእምሮዬ ሁለት ነገሮች ለምርጫ መቅረባቸው ገባኝ፤ የትኛው እንደሚመረጥም እርግጠኛ ነበርሁ። እኔ በክንዴ እብጠት የመሰከርሁበት ልጅ ነኝ። በአባቴ ፍራሽ ውስጥ ኩስ አለ ብዬ በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ።

በማግሥቱ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። በፊት ክፍሉና በመኖሪያው መካከል ያለው በር ተዘጋ፤ ክፍተቱም በጨርቅ ተወተፈ። እኔ ከማድ ቤቱ ኋላ ወዳለችው፣ እናቴ እህልና ማሰሮ ወደምታስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ተዛወርሁ። ጥጥ ያልነካት ክፍል እርሷ ብቻ ናት ተባለ። ስገላበጥ የሚንኮሻኮሽ ላስቲክ የለበሰ ስፖንጅ ተነጠፈልኝ። የወተት ጣሳዬን አባቴ ግቢ ውስጥ ወስዶ ያጠራቀምሁትን ሁሉ በእሳት አቃጠለው። በመስኮት ቆሜ አየሁት። ቂም ይዞብኛል አልሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ አልነካኝም። ግቢ ውስጥ ይታጠባል፤ ደጃፉ ላይ ይበላል፤ በመስኮቱ በኩል ያየኝና ይሄዳል። አንድ ቀን እናቴ ከግድግዳው ማዶ፣ «ኧረ ቢያንስ ግንባሩን ሳመው፣ ልጅህ አይደለም እንዴ?» ስትለው ሰማሁ። «አልችልም» አላት። ቀጥሎ ያለውን ግን የማሰሮ ክዳን ወድቆ ዋጠብኝ። እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በመጨረሻው ሕመሟ አልጋ ላይ ሆና ነው። «አልችልም፤ ጥጡ ጺሜ ውስጥ ገብቷል፤ በየትኛው አፌ ልሳመው?» ነበር ያላት። በማግሥቱ ጺሙን ተላጨ። እኔም ፊቱ ተለወጠብኝ፤ ሌላ ሰው መስሎኝ ይባስ ፈራሁት።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ድምቡሽ ናት። ድምቡሽ የልብስ ሰፊው ልጅ ስትሆን ስሟን ያወጣላት ጉንጯ ነው። አንድ ከሰዓት የበሩን ጨርቅ በጣቴ ገፋ አድርጌ ብመለከት፣ በእኔ ቦታ፣ አዲስ ፍራሽ ላይ እየሳቀች ትንከባለላለች። አባቴ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«እህሳ?» አላት።

«ሁሉም ይመቻል!»

«እንደገና ሞክሪው።»

«ይመቻል አልሁ እኮ! ከረሜላዬን ስጠኝ!»

ደንበኛው ፍራሹን አሸክሞ ሄደ። እኔ ያንን ፍራሽ ሳላውቀው ጠላሁት፤ ድምቡሽንም ጠላኋት፤ ከሁለቱም ይልቅ አባቴን ጠላሁት። ልብስ ሰፊው ካደግሁ በኋላ ያጫወተኝን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ለካ ድምቡሽ የምትንከባለለው ልጅ ሲንከባለልበት ካላየ ለማያምን ደንበኛ ዓይን ነው። ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት አባቴ በሩን ዘግቶ፣ በተላጨ ጉንጩ ፍራሹን ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሰ ጉብታ ሲፈልግ ይውል ነበር። «አንድ ቀን በጉንጩ ሲድህ አገኘሁት» አለኝ ልብስ ሰፊው፤ «ልሣቅበት ብዬ አፌን ከፈትሁና ሣቁ ጠፋኝ።»

በየሳምንቱ ወደ ሐኪም ቤት እየተወሰድሁ ክንዴን እወጋ ነበር። መርፌውን የምትወጋኝ ነርስ ቀልደኛ ናት። «አይዞህ፣ ጠላትህን ፈጭተን ነው የምንሰጥህ፤ ቀስ በቀስ ትለምደዋለህ» ትለኛለች።

«ጠላቴ ማነው?»

«በአባትህ ፍራሽ ውስጥ ያለው ነዋ!»

ጠላቴን ለመድሁትም፣ አልለመድሁትም፣ ትንፋሼ እየባሰበት ሄደ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስውል ግን ባልንጀሮች አፍርቼ ነበር። ከእህሉ መደርደሪያ ኋላ ጨለምለም ሲል የሚወጡ በረሮዎች ናቸው። ፍርፋሪ እጥልላቸዋለሁ፤ በተርታ ይመጣሉ። ማዕረግም ሰጥቻቸው ነበር። ጺሙ ከሁሉም የሚረዝመውን «ሻለቃ» እለዋለሁ። አባቴ የማይነካው እጄ ላይ ሻለቃ ይወጣና ይወርድ ነበር። እናቴ ስታይ በጫማ ትደበድባቸዋለች፤ እኔ ደግሞ ለተረፉት እራታቸውን እደብቅላቸዋለሁ።

በአንድ የደመና ቀን ትንፋሼ ፈጽሞ ተቆለፈ። እናቴ ጮኸች። አባቴ ከፊት ክፍሉ በሩን በርግዶ ገባ፤ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ነበር። እጆቹን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ከዚያ እጆቹን አያቸውና መልሶ ሰበሰባቸው። «አንተ ያዘው! አንተ!» ብሎ ጩኸት ሰምቶ ወደ ደረሰው ልብስ ሰፊ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ተሸክሞኝ ሮጠ። በትከሻው ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ስመለከት አባቴ ከእኛ ራቅ ብሎ ይሮጣል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር የሚሮጠው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሮጥ ሰው ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም። መንገደኛው ቆሞ ያያል፤ አንዱም ይስቃል። እኔ አየር እየፈለግሁ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እየሞትሁ እንኳ አልያዘኝም።

ዳንሁ። አባቴ ግን በዚያው ሳምንት ደጋኑን ሸጠ። ከአያቴ የወረሰው፣ እጀታው በሁለት ሰው መዳፍ የተላጠ ደጋን ነበር። ፊት ክፍሉ ባዶ ቀረ፤ የቤቱን ኪራይ የሚችል ሥራ ስላልነበረውም ቤቱን ለቀቅን። የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆነና ሲሚንቶው ገና ያልደረቀ አዲስ ክፍል ከበሩ አጠገብ ተሰጠን። በዚያ ክፍል ውስጥ ትንፋሼ ተከፈተ። ወራት አለፉ፤ ደረቴ አላፏጨም። ያየን ሁሉ፣ «አባትህ ጥጡን ጥሎ አንተን አነሣ» ይለኝ ጀመር።

አባቴ ግን ጥጡ ከሥጋው ወጥቷል ብሎ አላመነም። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ውጪ ያራግፋል፤ እጁንና ፊቱን ይታጠባል፤ በርጩማውን በሩ አጠገብ አድርጎ ይቀመጣል። እኔም አደግሁ። መቼ እንደ ሆነ ሳላውቀው፣ ትንሽ ሳለሁ «አንተ» የምለውን አባቴን «እርስዎ» ማለት ጀመርሁ። ሰው ጨዋነት መስሎት አመሰገነኝ። እናቴ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

እርሷ ከመሞቷ በፊት እውነቱን ስትነግረኝ ጥላቻዬ ወደቀ። የቀረኝ ምስጋና ነው፤ ምስጋናም በእኔና በእርሱ መካከል እንደ ሌላ በር ቆመ። በበዓል ብቻ አልልም፤ በየወሩ መጨረሻ ወደ እርሱ እሄዳለሁ፤ የከፈለልኝን ዋጋ አነሣለታለሁ፤ እርሱም ይደሰታል። በርጩማው ግን ከቦታው አይነሣም።

እንዲህ ስንኖር፣ በቅርቡ፣ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ አሮጌ ሣጥኖች ስንከፍት ያ ሕመም መጣብኝ። ከልጅነቴ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ወደ ሐኪም ሄድሁ። በመጠበቂያው ክፍል አንዲት ሕፃን አባቷ አንገት ሥር ተሸጉጣ ተኝታ ነበር፤ ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማል። የአባትየው አገጭ ፀጉሯ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ለማየት ሞከርሁ።

ሐኪሙ ከደሜ ጥቂት ወሰደ። በቀጠሮዬ ስመለስ በኮምፒውተሩ ላይ የበሩና ያልበሩ ነጠብጣቦች አሳየኝ።

«ማነው የአቧራ ተባይ አለርጂ አለብዎ ያለዎት?»

«በልጅነቴ ተመርምሬያለሁ። ክንዴ ላይ አብጧል።»

«ያብጣል። የድሮው ምርመራ ተባዩን እንዳለ ፈጭቶ ነው ቆዳ ላይ የሚያኖረው። በተባዩ ገላ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለ፤ አንዱ ከበረሮ ፕሮቲን ጋር መንታ ነው። የእርስዎ ሰውነት የተቆጣው በረሮውን ነው። በተፈጨው ውስጥ መንታውን ሲያገኝ እዚያም አበጠ።»

«ታዲያ ዛሬ በምን ተለየ?»

«አሁን በባዮቴክኖሎጂ ነው። የአንዱን ፕሮቲን ዘረ መል ብቻ ወስደው እርሾ ውስጥ ይከቱታል፤ እርሾው ያንኑ አንድ ፕሮቲን ያመርታል። ከዚያ ደምዎን ከእያንዳንዱ ጋር ለብቻው እናገናኘዋለን። እነዚህ የተባዩ ዋና ዋናዎች ናቸው፤ ይመልከቱ፣ ጸጥ ብለዋል። ይሄ መንታው ነው፤ በርቷል። እነዚህ ደግሞ የበረሮው የራሱ፤ እሳት ሆነዋል። ያኔ የበረሮ ጠብታ አላደረጉልዎትም?»

«አይመስለኝም።»

«ያደጉት በምን ዓይነት ቤት ነው?»

«በፍራሽ ሠሪ ቤት።»

ሐኪሙ ሳቀ። ክፋት የለውም፤ ወጣት ነው። «በቃ! ታዲያ ማን ሌላ ነገር ይጠረጥራል? ያች ባለፈው ከእርስዎ በፊት የገባችው ልጅ ናት እውነተኛዋ የተባይ ሕመምተኛ። ለእርሷም ቢሆን ከምላስ ሥር የምትሟሟ ክኒን አለ፤ ሰውነቷን ቀስ በቀስ ታለማምደዋለች። አንሶላዋ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ በቃ። ማንም ከማንም አይለያይም።»

እርሱ ይናገራል፤ እኔ ሌላ ቦታ ነበርሁ። በተነደፈው ጥጥ ክምር ላይ፣ ከአባቴ እግር ሥር፣ በደጋኑ ድምፅ ተኝቼ አንድም ቀን እንዳልሳልሁ ትዝ አለኝ። ሻለቃም ትዝ አለኝ፤ መዳፌ ላይ ጺሙን እያወዛወዘ።

ከዚያው በቀጥታ ወደ አባቴ ሄድሁ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ደጋግሜ አዘጋጀሁ። «አባባ፣ ጥጡ አልነበረም» እለዋለሁ። ከዚያ አጠገቤ ይቀመጣል።

በሩን ከፍቶ እንዳየኝ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሸሸ። ጡረታ ወጥቶም መጋዘኑ ያችን ክፍል አልነሣውም። መስኮቱን ከፈተ፤ ታጠበ፤ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጺሙን አሁንም ይላጫል። መታመሜን ሰምቶ ነበርና ፊቱ ከስቷል።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«የመለሰብህ። ባለፈው ስትመጣ ይህን ኮት ሳላራግፍ በሩን ከፍቼልሃለሁ። ቆይቼ ነው ያስታወስሁት። እንቅልፍ አጣሁ።»

«አባባ...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ደጋኑን የሸጥሁ ዕለት ልብስ ሰፊው ምን አለኝ መሰለህ? ‹አንተ እብድ፣ የአባትህን እጅ ነው የምትሸጠው› አለኝ። እኔም ‹የልጄን ደረት ነው የምገዛበት› አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣ! ያ ምላሰኛ!» ሳቀ፤ ሣቁም ቶሎ ጠፋ። «እኔ ያልተማርሁ ሰው ነኝ። በሕይወቴ አውቄ የሠራሁት አንድ ነገር ቢኖር እርሱ ነው። እናትህም ስትሞት ‹ልክ ነበርህ› ብላኛለች።»

ከበርጩማው ተነሣ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።

«እህሳ፣ ሚዛኔ? ምን አለህ ሐኪሙ?»

ያንን ጥያቄ ከጥጡ የፊት ክፍል ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ጉብታዋ የት እንዳለች አውቃታለሁ፤ ጎኔን እየወጋችኝ ነው። እርሱ ግን አሁን የሚተረትረው ስፌት የለውም፤ ክንዱን ሰድዶ የሚያወጣትም ነገር የለም።

«ያንኑ ነው ያለኝ» አልሁ። «አዲሱም ምርመራ ያንኑ ነው ያለው። ያኔ ጥጡን ባይተዉልኝ ኖሮ ዛሬ አልኖርም ነበር። ልክ ነበሩ፣ አባባ።»

ፊቱ በራ። ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። «ብዬ ነበር እኮ!» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ለሌለ ለሌላ ሰው። «ብዬ ነበር!»

ልሄድ ስነሣ ልይዘው ፈለግሁ። ሳላስበው ሁለት እጄን ዘርግቼ ወደ እርሱ ተራመድሁ። አባቴ በርጩማውን በእግሩ ወደ ጎን ገፋና በጀርባው ደፉን ተሻግሮ ወጣ። ግቢው ውስጥ እጆቹን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ቆሞ፣ ደስታው ገና ፊቱ ላይ ሳለ፣ በርኅራኄ ከለከለኝ።

«ተው፣ ሚዛኔ» አለኝ። «ኮቱን አላራገፍሁትም።»